በዘይቱ ስም

ዘይቱ አባፎጊን የማያውቅ የቡና ሰው ሚዛን አማን ውስጥ የለም። አባቷ ከጅማ ወገን መጥተው አማን ገበያ ዳር ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል። እሷ ጨርቁን ለወንድሞቿ ትታ ቡናውን ያዘች። የቡና ገበሬዎች ዩኒየናችን ውስጥ ስትቀጠር ሥራዋ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ጆንያ መቁጠር ነበር። ዝናብ ይዝነብ ሐሩር ይሁን ከዚያ በር አትንቀሳቀስም፤ ምሳዋን እንኳ እዚያው ቆማ ነበር የምትበላው፣ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ። ቀስ እያለች የመጋዘን ኃላፊ ሆነች። አሁን ከሚዛንም ከቴፒም መጋዘን አንዲት ጆንያ የምትወጣው ዘይቱ ስትፈቅድ ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው የሚለው።

እኔ ጥበቡ እባላለሁ፣ የዩኒየኑ ቡና ቀማሽ ነኝ። በማንኪያ ፉት አድርጌ መትፋት ነው ሥራዬ፤ ኮምፒውተር አልነካም። ቢሮዬ ግን ከዘይቱ ቢሮ ጋር በአንዲት ስስ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው፣ በሩም አይዘጋም። ቁጡ ነህ ይሉኛል። ነኝ። ይህን ነገር ሳነሳ ደግሞ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ጣጣው የመጣው ከሲስተሙ ጋር ነው፣ ቡና ሲገባና ሲወጣ ከምንመዘግብበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር። የሸጠልን የአዲስ አበባ ድርጅት ሰዎች መጥተው፣ ሥጋ በልተው፣ ሁሉንም ነገር አሳይተውን ሲሄዱ የተገላገልን መስሎን ነበር። ኋላ ውሉ ሲነበብ ነው የገባን። ድርጅቱ የሚያስከፍለው በመግቢያ ስም ነው። ከግዢው ጋር ጥቂት ስሞች መጥተው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁና ሂሳብ ክፍል ተካፈሏቸውና ለመጋዘን አንዲት ስም ደረሰችን። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው እንጨምር ካልን በየዓመቱ ለብቻው እንከፍላለን። ቴፒ ያለው ኮምፒውተር በእኛ ገንዘብ የተገዛ ነው፣ መብራቱም ኢንተርኔቱም ከእኛ ኪስ ነው፤ በዚያ ማሽን ላይ አንድ ሌላ ሰው ስሙን ጽፎ ስለገባ ግን እንደገና ክፈሉ ይሉናል። ቤት ከሸጠላችሁ በኋላ በበሩ የሚያልፈውን ሰው እየቆጠረ የሚያስከፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አየን።

ሥራ አስኪያጃችን ጋሼ ሸዋንግዛው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ለራሳቸው አንድ ሳንቲም አይነኩም፤ የገበሬው ገንዘብ ሲወጣ ግን ከሆዳቸው ሥጋ የሚቆረጥ ይመስላቸዋል። የስሙን ክፍያ ሲሰሙ ጠረጴዛቸውን ደበደቡና መጋዘን አንድ ሥራ ስለሆነ በአንድ ስም ይሠራ ብለው ወሰኑ። ስሙ የዘይቱ ሆነ። ፓስወርዱ አፍናን ተባለ፣ የልጇ ስም። ቴፒ መጋዘን ለሚሠራው ለተረፈም ተነገረው። ዘይቱ ያኔውኑ አልወደደችውም፣ ነግራቸዋለችም፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

በአንድ ስም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መግባት አይችልም። ተረፈ ቴፒ ላይ ከገባ ዘይቱ እዚህ የጀመረችው ሳያልቅ ተወርውራ ትወጣለች። ስለዚህ አንድ ሽንት ቤት እንደሚጋሩ ተከራዮች ሲጠባበቁ መዋል ሆነ። ቀኑን ሙሉ በግድግዳው በኩል የምሰማው ይህንኑ ነው። ተረፈ ይደውላል፣ እትዬ ልግባ ይላል፤ እሷ ቆይ ልውጣልህ ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እሷ ትደውላለች፣ በቃህ ወይ ትለዋለች። ቡና በሚበዛበት ወቅት ይህም አላዋጣ ሲል ጠዋቱ የእሷ፣ ከሰዓት በኋላው የእሱ ሆነ። እሱ ቴፒ ላይ የገበሬውን እሸት ቡና ሲመዝንም ሆነ ጆንያ ሲያስወጣ የሚታየው የዘይቱ ስም ነው። ለምደነው ነበር። ሁላችንም እየሳቅንበት ለመድነው።

በጥቅምት የዘይቱ ጎረቤት ወይዘሮ ወለተሥላሴ አረፉ። ዘይቱን እንደ ልጃቸው ያሳደጓት ሴት ናቸው፤ ሙስሊምና ክርስቲያን የሚባል ነገር በመካከላቸው አልነበረም። ዘይቱ ፈቃድ ወስዳ፣ ስልኳን አጥፍታ፣ አማን ድንኳን ውስጥ እንግዳ ስታስተናግድ ሰነበተች። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ዓይኗ አብጦ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ውሃ ስታድል አገኘኋት።

በዚያው ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ቴፒ መጋዘን በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ማኅተም ያለው የመጫኛ ትዕዛዝ ይዟል፤ ቀድሞም አንድ ሰው ከዋናው ቢሮ ነኝ ብሎ ለተረፈ ደውሎለታል። ደንቡ ተረፈ ለዘይቱ እንዲያሳውቅ፣ እሷ አይታ መውጫውን እንድትፈቅድ፣ ከዚያ ብቻ እንዲጭን ነበር። የዘይቱ ስልክ አይሠራም። ተረፈ እንደ ወትሮው በስሟ ገባ፣ መውጫውን ራሱ ፈቀደ፣ ጫነ። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ፣ እኔ ራሴ ቀምሼ የመሰከርኩለት የታጠበ ቡና ነበር። መኪናው አዲስ አበባ አልደረሰም። ትዕዛዙ ሐሰተኛ ነበር።

ኦዲተር ተላከ። እንድርያስ ይባላል፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሲጠይቅ ዓይን ዓይን የሚያይ ሰው ነው። ሲስተሙን ሲያስከፍት ቡናው እንዲወጣ የፈቀደው ሰው ስም በደማቁ ተጽፏል፤ ዘይቱ አባፎጊ። ተረፈ በስልክ ሲጠየቅ መውጫው በዘይቱ ተፈቅዶ ከሚዛን ስለመጣለት መጫኑን ተናገረ። ፈርቶ ነው። ሚስቱ ገና መውለዷ ነበር፣ እስር ቤቱ በዓይኑ ላይ ዞረበት። ቢሆንም ሰው እንዴት እትዬ በሚላት ሴት ላይ እንዲህ ያደርጋል? ያን ቀን እጄ ቢገባ ኖሮ እንጃ።

ዘይቱ ለኦዲተሩ ሁሉን ነገር ተናገረች። ስሙን እንደሚጋሩት፣ ያን ቀን ለቅሶ ላይ እንደነበረች አስረዳች። እንድርያስም ሲስተሙ በስልክም እንደሚከፈት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦም መግባት እንደሚቻል ነገራት። ከየትኛው ማሽን እንደተገባ ይታያል ወይ ብሎ ድርጅቱ ጋ ሲደውል ያ አገልግሎት ለብቻው እንደሚገዛ፣ እኛም እንዳልገዛነው ተነገረው። ይህን ስሰማ ሳላስበው ሳቅኩ፤ የንዴት ሳቅ ነበር። ኋላ ጋሼ ሸዋንግዛው ተጠሩ።

እሳቸውም ካዱ። ተረፈ ሚዛኑን በስልክ ለዘይቱ ይነግራታል፣ የምትመዘግበውም የምትፈቅደውም እሷ ብቻ ናት አሉ። ለምን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቢሯቸው ድረስ ገብቼ ጠይቄያቸዋለሁ። በውሉ መሠረት አንድ ስም በሁለት ሰው መሠራቱ ከታወቀ ድርጅቱ የኋላውን ሁሉ ቆጥሮ ያስከፍላል፤ እስኪከፈለው ደግሞ ሲስተሙን ይዘጋል። እሸት ቡና እንደ ጎርፍ በሚገባበት ወቅት ሲስተሙ ቢዘጋ ገበሬውን ምን እለዋለሁ አሉኝ። ወቅቱ ይለፍና የዘይቱን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ አሉ። እስከዚያ እሷ ብትታሰርስ ብላቸው መስኮቱን ነው ያዩት። እኔም ለእንድርያስ የማውቀውን ሄጄ ነገርኩት። በሲስተሙ ውስጥ ስም አለህ ወይ አለኝ። የለኝም። እንግዲያው ያልከው በግድግዳ የሰማኸውን ነው ብሎ አሰናበተኝ።

መዝገቡ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ፖሊስ እንደሚሄድ ለዘይቱ ተነገራት። ወደ ቤቷ አብሬ ሸኘኋት። ባሏ ናስር ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ አፍናን ትምህርት ቤት እናትሽ ቡና ሰረቀች ተብላ አልቅሳ መምጣቷን ነገራት። ቡናው የወጣው በልጇ ስም ተገብቶ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ለዘይቱ በደንብ የገባት መሰለኝ፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ልጅቷ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ገብታለች። እንድርያስ ወረቀቶቹን ለመጨረስ እሷው ክፍል ውስጥ፣ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እሷ ኮምፒውተሯን ከፍታ ሥራዋን ትሠራለች። ጠዋቱ እንዲሁ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ መንዘር ጀመረ። ተረፈ ነበር፤ አላነሳችም። እንደገና ደወለ፣ እንደገና አላነሳችም። በሩ ላይ ቆሜ ምን ሆነሻል በሚል ዓይን ሳያት ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ፓስወርዱን መቀየሯን በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ያን ሰዓት ቴፒ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ገበሬው ከየቀበሌው ቀይ ቡናውን በጆንያ አሸክሞ መጥቶ ሚዛኑ ፊት ተሰልፏል። አምና በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ብዙ ጭቅጭቅ ስላመጣ ዘንድሮ ከሲስተሙ የታተመ ደረሰኝ ካልተሰጠው ቡናውን አያስረክብም። ያልተረከቡትን ቡና ደግሞ መፈልፈያ ማሽን ውስጥ አያስገቡትም። ጆንያ ውስጥ ታፍኖ የዋለ እሸት ቡና ይሞቃል፣ መቦካት ይጀምራል፤ እንዲህ ያለውን ቡና ስቀምስ ምላሴ ላይ የሚቀረውን ኮምጣጣ ጣዕም እኔ ነኝ የማውቀው። የሰው የዓመት ልፋት ነው። ቡናው ይበላሻል እኮ አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። “እኔስ? እኔ አልበላሽም?”

ተመልሳ ገብታ ተቀመጠች። ስልኩ እየነዘረ ጠረጴዛው ላይ ይሽከረከራል፣ እሷ ታየዋለች፣ አታነሳም። እጆቿን ጭኗ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። እኔ ሥራ ያለኝ መስዬ በሩ ላይ ቀረሁ፤ ቡናውን እያሰብኩ ላብ አጠመቀኝ። አንድ ጊዜ ወደ ስልኩ እጇን ስትሰድድ በቃ ተሸነፈች ብዬ ነበር። ወዲያው መለሰችው።

በመጨረሻ ስልኩ ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ሸዋንግዛው ከቢሯቸው እየሮጡ መጡ። እኚህ ሰው ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። እንድርያስን ሲያዩ እርምጃቸውን ገታ አደረጉና ዘይቱን አንዴ ውጭ እንነጋገር አሏት።

“እዚሁ ይንገሩኝ፣ ጋሼ።”

“ቴፒ ሥራ ቆሟል። ገበሬው ሊደባደብ ነው። ፓስወርዱን…” አሉና አቋረጡት።

እንድርያስ ቀና አለና የምን ፓስወርድ እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ ሸዋንግዛው ፊታቸው ልውጥውጥ አለ። ተረፈ ሚዛኑን ሊነግራት ቢደውል ስልክ አላነሳ ስላለችው ነው አሉ፤ ቃላቸው እየተደነቃቀፈ ነበር። ዘይቱ ወደ እሳቸው ዞረች። ተቆጥታ አልጮኸችም።

“መግባት ያቃተው ማን ነው፣ ጋሼ? ስሙ የኔ ነው። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ገብቼ እዚህ ተቀምጫለሁ። ቴፒ ሥራው ለምን ይቆማል?”

ጋሼ ሸዋንግዛው መጀመሪያ ወደ እንድርያስ፣ ከዚያ ወደ በሩ አዩ። በዚያው መካከል ስልኩ እንደገና ነዘረ። እንድርያስ እንድታነሳውና ድምፁን እንድትለቀው አዘዛት። አነሳች።

ተረፈ ሰላምታም አላቀረበም። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል፣ አማርኛውም የአገሩ ቋንቋ ሸክኛውም ተደበላልቋል።

“እትዬ፣ አፍናን ብል አልገባ አለኝ። ቀየርሽው እንዴ? ሰዉ ሊበላኝ ነው።”

ጋሼ ሸዋንግዛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንድርያስ እስክሪብቶውን አነሳ እንጂ አልተናገረም፤ ዘይቱን ነው የሚያያት። ነገሩ ግን ገና አላለቀም። ተረፈ በስሟ መግባቱ ታወቀ፣ ያን ቀን የገባው እሱ ለመሆኑ ግን እሱ ራሱ ካልተናገረ ማን ይናገራል? ስልኩን ሊዘጋው ይችላል። እኔ ብሆን እዘጋው ነበር።

“ተረፈ” አለች ዘይቱ፣ “ኦዲተሩ አጠገቤ ናቸው፣ እየሰሙህ ነው። እኔ ዛሬ ወደ ፖሊስ ልሄድ ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴን በቀበርን ሰሞን ያን ቡና ያስወጣው ማን ነው?”

ከወዲያ የሚሰማው የገበሬው ጫጫታ ብቻ ሆነ። አንድ ሰው ቡናዬ ጋለ እያለ ይጮኻል። ዘይቱ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፣ ዱዓ የምታደርግ መሰለኝ። ስልኩን ይዘጋዋል ብዬ ነበር።

“እኔ ነኝ” አለ ተረፈ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። “አንቺን ባጣሽ እኔው ገባሁ። ተታልዬ ነው፣ እትዬ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው አንዲት ፍሬ አልወሰድኩም። ልነግርሽ ፈልጌ ፈራሁ።”

እንድርያስ የተረፈን ሙሉ ስም ጠየቀውና በጠዋት ሚዛን መጥቶ ቃሉን እንዲሰጥ ነገረው። ከዚያ ወደ ጋሼ ሸዋንግዛው ዞሮ ሌላ የሚሉት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ነኝ አንድ ስም ይበቃል ያልኩት፣ ትናንትም የዋሸሁት እኔ ነኝ አሉ። ድርጅቱ ይዘጋብናል ብዬ ነው ሲሉ ድምፃቸው ሰለለ። አንጀቴን በሉኝ፣ ተናድጄባቸውም ነበር፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነብኝ። እንድርያስ ለፖሊስ የተዘጋጀውን መዝገብ ወደ ራሱ ሳበና መዝገቡ በዚህ መልክ እንደማይሄድ፣ ዘይቱም ከነገሩ ነፃ መሆኗን እንደሚጽፍ ነገራት። ዘይቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ማንም ተይ አላላትም።

ብዙ ግን አላለቀሰችም። ስልኩ ገና ክፍት ነበር። ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። ተረፈ እየመዘነ እንዲነግራት፣ እሷ እንደምትጽፍ፣ ደረሰኙም ቴፒ ባለው ማተሚያ እንደሚወጣለት ነገረችው። ፓስወርዱን ግን አልሰጠችውም። ጋሼ ሸዋንግዛው ለኦዲተሩ በውሸት የነገሩት አሠራር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ተሠራበት። ተረፈ የገበሬውን ስም ይጠራል፣ ሚዛኑን ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፤ መስመሩ ይቋረጣል፣ እንደገና ይደውላል፣ ያልተሰማውን ይደግማል። አንዱን ሰው ለመጨረስ ስንት ጊዜ! እንድርያስ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያይ ቆይቶ፣ ይህ አሠራር በዚህ ወቅት እንደማያስኬድ ገብቶኛል አለ፤ ያንንም ጻፈው። የመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ሲገቡ ቡናው ሞቆ ነበር ብሎ ተረፈ ተናገረ። በኋላ ናሙናው ሲመጣልኝ ጥቂቱ ኮምጥጦ አገኘሁት፤ አብዛኛው ደህና ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘይቱ ኮምፒውተሯን ዘጋች። ጣቶቿን አሻሸችና ሻርፗን አስተካከለች። ጋሼ ሸዋንግዛው ያን ሁሉ ሰዓት ከክፍሉ አልወጡም፤ መካከል ላይ ሻይ አስመጥተውላት ነበር፣ ሳትነካው ቀዝቅዟል። ልትወጣ ስትል ተከተሏትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ የማልሰማ መስሏቸው፣ አዲሱን ፓስወርድ ጠየቋት። ለነገ ብቻ ነው፣ ገበሬው እንዳይጉላላ ነው አሉ።

ዘይቱ ቆም ብላ አየቻቸው። ትስቅ ይሆናል ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም።

“ለነገ ለተረፈ የራሱን ስም ይግዙለት፣ ጋሼ” አለች። “የኔን ለማንም አልሰጥም፣ ለእርስዎም።”

ደህና እደሩ ብላን ወጣች። ጋሼ ሸዋንግዛው ጥቂት በሩ ላይ ቆሙና ወደ ቢሯቸው ተመልሰው አዲስ አበባ ደወሉ፤ በስሱ ግድግዳ በኩል አንድ ስም ለመጨመር ስንት እንደሚያስከፍል ሲጠይቁ ሰማኋቸው።